«ኮንሰልታንት ቀጥረናል» ማለት ፈቃዱን አክብረናል ማለት አይደለም

የምሠራው በሲያትልና በታኮማ ወደቦች ዙሪያ፣ በዝናብ ውሃ ፈቃድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ዝናብ ከሥራ ግቢ አጥቦ የሚያወጣውን ውሃ የሚመለከተው ፈቃድ ነው። ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ኮንቴይነር ያመላልሳሉ፤ የራሳቸውን የመኪና ግቢ የከፈቱትም ይደውሉልኛል። የእነሱም ሆነ የትልልቅ ተርሚናል ሥራ አስኪያጆች ጥያቄ የሚነሳው ከተሳሳቱ ግምቶች ነው። ደጋግሜ መመለስ ሰልችቶኛልና እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ላንሳ።

«የዝናብ ውሃ ንጹህ ነው።» ግቢውን አጥቦ ሲወጣ ንጹህ አይደለም። ከፍሬን የረገፈ መዳብ፣ ከጎማና ከቆርቆሮ የታጠበ ዚንክ፣ ዘይትና ጭቃ ይዞ ነው የሚወጣው። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ ከጎማ ብናኝ የሚመጣ ኬሚካል ኮሆ የሚባለውን የሳልሞን ዝርያ እንደሚገድል አሳይቷል። የሞቱት ዓሦች የተገኙት እዚሁ ሲያትልና ታኮማ ባሉበት የባሕር ወሽመጥ፣ ፒዩጀት ሳውንድ፣ አካባቢ ባሉ ጅረቶች ነው።

«የግቢው የጎርፍ ጉድጓድ የገባ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል።» የአብዛኛው ወደብ ግቢ ውሃ በቀጥታ ባሕር ወይም ወንዝ ነው የሚገባው።

«እኛ ተከራይ ነን፣ ፈቃዱ የወደቡ ነው።» ወደቡ የራሱ ፈቃድ አለው። ተከራዩ የሚሠራው ሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስም ማውጣት አለበት። ክሬኖቹ የሚሠሩበት የመርከብ ማራገፊያ መድረክ በፈቃዱ ይሸፈናል አይሸፈንም የሚለው ክርክር በታኮማ ወደብ ጉዳይ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሷል። የኪራይ ውላችሁን ሳታነቡ አትገምቱ።

አሁን ወደ ዋናው። «ኮንሰልታንት አለን፣ ኃላፊነቱ የሱ ነው።»

አይደለም! ኮንሰልታንቱ ናሙና ሊወስድ፣ ግቢው ብክለትን እንዴት እንደሚከላከል የሚገልጸውን ዕቅድ ሊጽፍ፣ ሪፖርት ሊያዘጋጅ ይችላል። የፈቃዱ ባለቤት ግን እናንተ ናችሁ። ውጤቱ ወደ ዋሽንግተን ግዛት የሥነ ምህዳር መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም ኢኮሎጂ ወደሚለው፣ ሲላክ «እውነት ነው» ብሎ በሕግ የሚጠየቅበትን ፊርማ የሚያኖረው የድርጅቱ ኃላፊ ወይም እሱ የወከለው ሰው ነው። በፌዴራሉ የንጹህ ውሃ ሕግ ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት በቀን ከ60,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። የሚጻፈውም በእናንተ ስም ነው።

አንድ ግቢ አውቃለሁ። ዚንኩ ከመመዘኛው፣ ማለትም በሊትር ከ117 ማይክሮግራም፣ አለፈ። በዋሽንግተን ግዛት የኢንዱስትሪ የዝናብ ውሃ ፈቃድ ማለፉ ብቻውን ጥሰት አይደለም። ጥሰት የሚሆነው አልፎ ዝም ሲባል ነው። በአንድ ሩብ ዓመት ካለፈ አሠራር ይስተካከላል። በዚያው ዓመት በሁለት ሩብ ካለፈ እንደ መጠለያና ሽፋን ያለ ግንባታ ይመጣል። በሦስት ሩብ ካለፈ ደግሞ የውሃ ማጣሪያ፤ ሦስተኛው ደረጃ የሚባለው ይህ ነው። የዚህ ግቢ ኮንሰልታንት በየሩብ ዓመቱ ናሙና ወሰደ፣ ሪፖርት ላከ፣ ሂሳብ ጠየቀ። ኃላፊው ሳያነብ ፈረመ። ሦስተኛው ሩብ ላይ የማጣሪያ መሣሪያ ዋጋ ሲቀርብለት ደንግጦ ደወለልኝ።

ዝናብ እየዘነበ ግቢውን ዞርነው። የአንዱን ጉድጓድ ክዳን አነሳን። ውስጡ የተንጠለጠለው የማጣሪያ ከረጢት እስከ አፉ በጭቃ ሞልቶ ሣር በቅሎበታል። በዕቅዱ መዝገብ ላይ ግን «ተጸድቷል» የሚል ምልክት በየወሩ ተደርጓል። ከመጋዘኑ አሸንዳ የሚወርደውን ውሃ ለብቻው፣ ከመኪናው መንገድ የሚመጣውን ለብቻው ቀድተን ላብራቶሪ ላክን። አብዛኛው ዚንክ የመጣው ከጣሪያው ነበር፤ ቀለም ያልተቀባ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ። መሣሪያው ግን የታሰበው ለመኪናው መንገድ ነበር። ጣሪያው ተቀባ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስለደረሱ ግን ያለ ማጣሪያ ለመቀጠል ኢኮሎጂን በጽሑፍ መጠየቅ ግዴታ ሆነባቸው። በመጀመሪያው ሩብ አንድ ሰው ጣሪያውን ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ይህ ዛሬም ያበሳጨኛል።

ስለዚህ ስትቀጥሩ ዋጋ ከመስማታችሁ በፊት ግቢውን አብሯችሁ ይዙር። ቢሆን በዝናብ። ካልሆነ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በእጁ እያሳየ ይንገራችሁ። ናሙና የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነ በስም ጠይቁ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ አይታይም። ውሃው መውጣት በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ መቅዳት ስለሚፈለግ ቅርብ የሆነ ሰው ያስፈልጋል። ውጤት ከመመዘኛው ሲያልፍ በስንት ቀን እንደሚያሳውቃችሁ ውሉ ላይ አስገቡ። ማጣሪያ መሣሪያ የሚሸጥ ድርጅት መሣሪያ ያስፈልጋችኋል ካለ ሁለተኛ ሰው ጠይቁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ያለው ኢንጂነር ያስፈልጋል። ከሠራተኞቻችሁም አንዱ ይሠልጥን፤ ግቢውን በየቀኑ የሚያየው እሱ ነውና።

«ክስ ሲመጣ እናስብበታለን» የሚሉም አሉ። ሕጉ ማንኛውም ዜጋ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ይልክና ይከሳል። የናሙና ውጤታችሁን ለማግኘት ግቢያችሁ መግባት አያስፈልገውም። ራሳችሁ ፈርማችሁ የላካችሁት ነው፣ ኢኮሎጂ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።