ቤይሊፍ እና ያልተከፈለ የፍርድ ቤት ቅጣት በእንግሊዝና በዌልስ

ቤይሊፍ በእንግሊዝና በዌልስ ያልተከፈለን ዕዳ ወይም ቅጣት ከባለዕዳው ንብረት እንዲያስከፍል በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ከ2014 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሕጉ መጠሪያ «የአፈጻጸም ወኪል» ቢሆንም፣ ለንደን ያለው ሐበሻ ዛሬም ቤይሊፍ ነው የሚለው። ነገሩ አገር ቤት ከምናውቀው የፍርድ አፈጻጸምና ሐራጅ ጋር ይቀራረባል። የፍርድ ቤት ቅጣትን ግን እዚህ በአብዛኛው የሚያስፈጽሙት ከፍርድ ቤቶች አስተዳደር ጋር የተዋዋሉ የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ክፍያቸውም የሚወጣው ከባለዕዳው ኪስ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

ለዕዳ ንብረት የመያዝ ሥርዓት በእንግሊዝ ጥንታዊ ነው፤ በ1267 የወጣው የማርልብሮ ሕግ ሳይቀር ስለዚሁ ይደነግጋል። አሁን የሚሠራበት ሕግ የ2007ቱ የትሪቡናሎች፣ የፍርድ ቤቶችና የአፈጻጸም አዋጅ ነው። የክፍያውን ተመን የያዘው ደንብ ደግሞ ከኤፕሪል 6 ቀን 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ቤይሊፎች የሚያስከፍሉት እንደ ዕዳው ዓይነት የተለያየና ለሰው ግልጽ ያልነበረ ሒሳብ ነበር፤ ደንቡ ይህን በሦስት ደረጃ መወሰኑ ትልቅ መሻሻል ነው።

ወደ ክፍያው ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል መለየት አለበት። በአማርኛ «ቅጣት» የምንለው እዚህ አገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ለፓርኪንግ ወይም ለባስ መስመር ጥፋት የሚልከው ክፍያ ነው፤ ይህ ወንጀል አይደለም፣ ሳይከፈል ሲቀር የሚያልፈውም በኖርዝሃምፕተን ባለው የትራፊክ ማስፈጸሚያ ማዕከል በኩል ነው። ሁለተኛው ማጅስትሬት ፍርድ ቤት የሚጥለው የወንጀል ቅጣት ነው፦ ያለ ቲቪ ላይሰንስ (የቴሌቪዥን ፈቃድ) ማየት፣ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት፣ ከፍጥነት ወሰን ማለፍ፣ ያለ ቲኬት ባቡር መሳፈር። ልዩነቱ በር ላይ ይታያል። ለፓርኪንግ የመጣ ቤይሊፍ በመጀመሪያ ጉብኝቱ ወደ መኖሪያ ቤት በኃይል መግባት አይችልም። ለወንጀል ቅጣት ዋራንት (የፍርድ ቤት ማስፈጸሚያ ትእዛዝ) ይዞ የመጣ ግን፣ እንደ መጨረሻ አማራጭ፣ ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቅሞ እንዲገባ ሕጉ ይፈቅድለታል። «ቤይሊፍ በሩን ካልከፈታችሁለት ምንም አያመጣም» የሚለው በየቡና ቤቱ የሚሰማ ምክር ሰውን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2014ቱ ደንብ የተቀመጠው ተመን እንዲህ ነው። ጉዳዩ ቤይሊፉ ዘንድ እንደደረሰ 75 ፓውንድ ይጨመራል። ቢያንስ ሰባት ሙሉ ቀን የሚሰጥ ማስታወቂያ ከተላከ በኋላ ካልተከፈለ ወይም ስምምነት ካልተደረሰ ቤይሊፉ ወደ ቤት ይመጣል፤ ያኔ 235 ፓውንድ ይደመራል፣ ዕዳው ከ1,500 ፓውንድ ከበለጠም ከዚያ በላይ ባለው ትርፍ ላይ 7.5 በመቶ። ንብረት ለሐራጅ ወደማቅረብ ከተደረሰ ሌላ 110 ፓውንድ አለ፤ በትርፉ ላይ ያለው 7.5 በመቶ እዚህም ይሠራል። ከሰባቱ ቀናት ውስጥ እሑድና የሕዝብ በዓል አይቆጠሩም። በአንድ ሰው ላይ ብዙ ዋራንት ካለ፣ እስከተቻለ ድረስ በአንድ ላይ መፈጸም አለባቸው፤ ያኔ የጉብኝቱ ክፍያ የሚታሰበው አንድ ጊዜ ነው፣ 75ቱ ግን ለየዋራንቱ ይታሰባል።

በማኅበረሰባችን ማኅበር የቅዳሜ የምክር ጠረጴዛ ላይ ያየነው አንድ ጉዳይ ሒሳቡን ያሳያል። ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ አንዲት እናት ያልተከፈቱ ፖስታዎች በፌስታል ይዘው መጡ። ቤት ከቀየሩ ቆይተዋል፤ ደብዳቤው ሁሉ የሄደው ወደ ቀድሞው አድራሻ ነው፣ ያከማቸላቸውም የድሮ ቤት ተጋሪያቸው ነች። አንድ በአንድ ከፍተን በቀን ቅደም ተከተል ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። የቲቪ ላይሰንስ ጉዳይ በሌሉበት በአንድ ዳኛ ታይቶ 220 ፓውንድ ቅጣት፣ 88 ፓውንድ የተጎጂዎች መዋጮ (የቅጣቱ 40 በመቶ ነው) እና 120 ፓውንድ ወጪ ተወስኖባቸዋል፤ ጠቅላላ 428። ቤይሊፉ ዘንድ ሲደርስ 503 ሆነ፣ ከጉብኝቱ በኋላ 738። እሳቸው የሰሙት የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነበር። ስለ ክሱ ጨርሶ አለማወቃቸውን በቃለ መሐላ አረጋገጡ፤ ፍርዱ ተነሣ፣ በላዩ የተከመረው የቤይሊፍ ክፍያም አብሮት ወደቀ። ይህ ቃለ መሐላ ሰውየው ክሱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ካለፈ ፍርድ ቤቱ አይቀበልም ማለት አይደለም፣ ግን ምክንያት ይጠይቃል። ፍርዱ ሲነሣ ክሱ እንደ አዲስ ይታያልና የእምነት ክህደት ቃል መስጠት ይቀራል።

ክሱን አውቆ መክፈል ያቃተው ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ዋራንት ሳይወጣ በፊት ከሆነ የፍርድ ቤቱን የቅጣት ኦፊሰር ጠይቆ በየወሩ መክፈል ወይም ከደመወዝና ከቤኔፊት (ከመንግሥት ድጎማ) እንዲቆረጥ ማድረግ ይቻላል። ከወጣ በኋላ ንግግሩ ከቤይሊፉ ጋር ነው፤ በ75 ፓውንዱ ደረጃ ላይ በጽሑፍ የክፍያ ሐሳብ ማቅረብ 235ቱን ያስቀራል። በቀጥታ ለፍርድ ቤት በመክፈል የቤይሊፉን ድርሻ ማስቀረት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ ድርጅቶቹ አይቀበሉትም፤ ያከራክራል። እኛ ማንንም በዚህ ተማምኖ እንዲቀመጥ አንመክርም። በ2021 የጀመረው የ60 ቀን የዕዳ ፋታም የወንጀል ቅጣትን አይጨምርም፤ ቅጣቱ በኪሳራ አዋጅም አይሰረዝም።

በር ላይ ያለው ሕግ ይህ ነው። ቤይሊፍ የሚመጣው በመደበኛው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በሰው ላይ ኃይል መጠቀም አይፈቀድለትም። ቤት ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወይም ተጋላጭ ሰው ብቻውን ካለ ንብረት መያዝ አይችልም። ባለዕዳው ራሱ ተጋላጭ ከሆነ (የታመመ፣ በቅርቡ የወለደች፣ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሊሆን ይችላል) ምክር የሚያገኝበት በቂ ዕድል ሳይሰጠው የጉብኝቱ ክፍያ ሊጠየቅ አይገባም። ይህን አንቀጽ ጠቅሶ የሚከራከር ሰው እምብዛም አይገኝም፣ ሲጠቀስ ግን ይሠራል።

አልጋና አልባሳቱ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ስልክና መድኃኒት አይወሰዱም። የሥራ መሣሪያ እስከ 1,350 ፓውንድ ይጠበቃል። ለፒሲኦ (በቀጠሮ የሚሠራ የግል ታክሲ) ሾፌሮች ይህ ትንሽ ነው፣ የብዙዎቹ መኪና ዋጋ ከዚያ በላይ ነውና፤ በፋይናንስ የተገዛ መኪና ግን ተከፍሎ እስኪያልቅ የአበዳሪው ንብረት ነው፣ ውሉን ማሳየት ይገባል። ቤት ለሚጋሩ፣ የተወሰደው ዕቃ የባለዕዳው ካልሆነ ባለቤቱ በሰባት ቀን ውስጥ ደረሰኝ አያይዞ በጽሑፍ ይጠይቃል።

ማንኛውም ቤይሊፍ መታወቂያውንና ሥልጣኑን ሲጠየቅ ማሳየት አለበት። የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የካውንቲ ፍርድ ቤት ነው፣ ስሙም በፍትሕ ሚኒስቴር መዝገብ ላይ በኢንተርኔት ይገኛል። አቤቱታ መጀመሪያ የሚቀርበው ለራሱ ለድርጅቱ ሲሆን፣ በ2022 የተቋቋመው የአፈጻጸም ሥነ ምግባር ቦርድ ድርጅቶቹን ይከታተላል።