ዳልዚየል ወይስ ዲኤል? ስለ አንድ የስኮትላንድ ስም በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

በስኮትላንድ እንደ ልብ የማያጋጥም የቤተሰብ ስም አለ። በእንግሊዝኛ Dalziel ተብሎ ይጻፋል፤ ፊደሉን እያየ የሚያነብ ሰው «ዳልዚየል» ይለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

«እንደተጻፈው ይነበባል።»

አይነበብም። አጠራሩ «ዲኤል» ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ጎላ ብሎ ይነገራል። ታዲያ ዜድ ከየት መጣች? ድሮ ስኮትላንዶች ዮግ የምትባል ፊደል ነበረቻቸው። መልኳ ቁጥር 3ን ይመስላል፤ ጭራዋ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። በዚህ ስም ውስጥ ድምጿ ለ«የ» የቀረበ ነበር። በእጅ ጽሕፈት ጭራ ካላት ዜድ ለመለየት ታስቸግራለች። እ.ኤ.አ. በ1508 ኤደንብራ ውስጥ ሕትመት ሲጀመር ከባሕር ማዶ የመጡት የብረት ፊደላት መሃል ዮግ የለችም። አታሚዎች በምትኳ ዜድን መልቀም ያዙ። ወረቀቱ ላይ ፊደሉ ተቀየረ፤ የሰው አፍ ግን አልተቀየረም። «መንዚስ» (Menzies) ተብሎ የሚጻፈው ስምም በዚሁ ምክንያት «ሚንጊስ» ይባላል። ስለዚህ ሰውየው «ዲኤል እባላለሁ» ካለ ስሙን እያሳጠረ አይደለም። የአያቶቹን አጠራር ነው የነገረን፤ እኛም እንደዚያው ልንጠራው ይገባል።

«ትርጉሙ ‹እደፍራለሁ› ነው።»

ይህ ተረት ሲሰሙት ደስ ይላል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ኬኔት 2ኛ ዘመድ ተሰቀለ። ንጉሡ ሬሳውን ከጠላት መሃል ለሚያወርድ ሽልማት አወጀ። ሁሉም ጭጭ ሲል አንዱ «እደፍራለሁ» ብሎ ወጣ፤ ቃሉም ስሙ ሆነ ይባላል። የቤተሰቡ አርማ ላይ ራቁቱን የሆነ ሰው አለ፤ የተሰቀለው ዘመድ ነው ይባላል። መፈክራቸውም «እደፍራለሁ» ነው። ይህን ያየ ሰው ቢያምን አይፈረድበትም። ስሙ ግን የቦታ ስም ነው። ማዘርዌል ከተማ አጠገብ፣ ክላይድ ወንዝ ዳር ካለ መሬት የመጣ ነው። በጌሊክ ቋንቋ «ነጭ ሜዳ» እንደማለት ነው። መሬቱን የያዘው ቤተሰብ በመሬቱ ተጠራ፣ በቃ።

«አጻጻፉ ከተለየ ሌላ ስም ነው።»

አይደለም። በዜድም (Dalziel) ሆነ በዋይ (Dalyell) ቢጻፍ ስሙ አንድ ነው። በ1681 ስኮትስ ግሬይስ የተባለውን ፈረሰኛ ጦር ያቋቋመው የጄኔራል ቶማስ ቤተሰብ በዋይ ነው የሚጽፈው። ጄኔራሉ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ በ1649 አንገቱ ሲቀላ፣ ከሐዘኑ የተነሳ ጺሙን መላጨት ተወ ይባልለታል። እስከ 2005 የብሪታንያ ፓርላማ አባል የነበረው ታም የዚያው ቤት ተወላጅ ነው። እሱንም የሚያውቁት ሁሉ «ታም ዲኤል» ነበር የሚሉት።