ጨው መቀነስ ምንድን ነው?

«እኔ እኮ ጨው ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ።»

ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። በቅርቡ የነገሩኝ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ናቸው። ግፊታቸው ሲለካ 160 በ100 ነበር። አልዋሹኝም። ሰላጣና እንቁላል ላይ ጨው መነስነስ ትተዋል። ማዕዳቸው ላይ የጨው ዕቃ የለም። «ምክር አይሰሙም» ብሎ ካርዳቸው ላይ መጻፍ ቀላል ነበር። ጥፋቱ ግን የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። «ጨው ቀንሱ» ብለን እንሸኛቸዋለን፤ የትኛውን ጨው እንደሆነ አንነግራቸውም።

ሰሞኑን ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ መጣ። አንድ ተናጋሪ በቪዲዮ ቀርቦ «ደም ግፊት የሚያመጣው የፋብሪካ ጨው ነው፤ የአፋር አሞሌና ሮዙ የሂማሊያ ጨው ተፈጥሯዊ ስለሆኑ አይጎዱም» ይላል። በአንድ ቀን ሦስት ታካሚዎቼ ላኩልኝ። አንደኛው አሞሌ ገዝቶ ጨርሷል። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ጨው መቀነስ ማለት በቀን ውስጥ ከየትኛውም ምግብና መጠጥ የምናገኘውን ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለውን ግፊት የሚጨምረውን ንጥረ ነገር፣ መቀነስ ማለት ነው። «ከየትኛውም» የሚለው ይሰመርበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ዳቦውና በርበሬው ሁሉ ተደምሮ ነው ታዲያ።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ጓዳቸውን በቃል አብረን ዞርን። በርበሬው ቤት የተዘጋጀ ነው። ሲዘጋጅ ስንት ጨው ገባበት? በእጃቸው አሳዩኝ፤ እፍኝ፣ ከዚያ ሌላ እፍኝ። ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣውም አለው። ጠዋት በሻይ የሚበሉት ዳቦም አለው። ልጃቸው ወጥ ስትሠራ የሾርባ ኪዩብ ትጨምራለች፤ የኪዩቡ ትልቁ ድርሻ ጨው ነው። ወጡ ሊወርድ ሲል ይቀመስና «ጨው አነሰው» ተብሎ ቆንጠር ይደረግበታል። ቡናውስ? ያደጉበት አገር ልማድ ስለሆነ በጨው ነው የሚጠጡት። «እሷ እንኳ ለጣዕም ያህል ነች» አሉኝ። የተዉት ጨው ከሁሉም ትንሹን ነበር።

እዚህ ላይ ከውጭ ቋንቋ እየተተረጎመ የሚሰራጨው ምክርም ያናድደኛል። «የታሸገ ምግብ አትብሉ፣ በቃ» ይላል። አሜሪካ ውስጥ ልክ ነው። እዚያ ሰው ከሚወስደው ሶዲየም 70 በመቶ ያህሉ ከፋብሪካና ከምግብ ቤት ይመጣል። እኛ ቤት ግን አብዛኛውን ጨው የምንጨምረው በገዛ እጃችን ነው፤ በርበሬ ስናዘጋጅ፣ ሽሮ ስናስፈጭ፣ ወጥ ስንሠራ። የታሸገ ነገር ዓይቶ የማያውቅ ሰው «እኔ አይመለከተኝም» ብሎ ይሄዳል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሁለቱም አለባቸው። እንጀራን ከሴልፍ ራይዚንግ ዱቄት የምትጋግሩ ካላችሁ፣ ዱቄቱ ውስጥ ጨውና ሶዲየም ያለው ማቡኪያ አብሮ ገብቷል። የከረጢቱን ጀርባ አንብቡት። የአሜሪካው ጽሑፍ ሶዲየምን በሚሊግራም ይጽፋል፤ በ2.5 ስታባዙት ጨው ይሆናል። የአውሮፓው ቀጥታ ጨውን በግራም ይጽፋል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ጨው ግፊትን እንዴት እንደሚጨምር ለታካሚዎቼ በሰርግ ነው የማስረዳው። የጥሪ ካርድ ላይ «ከነቤተሰብዎ» ተብሎ ይጻፍ የለ? ሶዲየም ብቻውን የማይመጣ እንግዳ ነው። ውሃን ከነቤተሰቡ ይዞ ይገባል። ዳሱ የደም ሥራችን ነው። መቶ ካርድ በትነን ሦስት መቶ ሰው ሲመጣ ዳሱ ይጨናነቃል፤ ሸራው ይወጠራል። ግፊት ማለት ይህ መወጠር ነው። ኩላሊት በር ላይ ቆሞ የሚሸኝ አስተናጋጅ ነው። በወጣትነት ቶሎ ቶሎ ይሸኛል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ስኳር ሲኖር፣ ወይም ዘሩ ሆኖ ሲደክም እንግዳው በር ላይ ይከማቻል። አንድ ዓይነት ጨው በልተው የአንዱ ግፊት ሲጨምር የሌላው የማይነቃነቀው አንዱ ምክንያት የአስተናጋጁ ጉልበት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ኪኒን ያንን አስተናጋጅ «ቶሎ ቶሎ ሸኝ» ብሎ የሚያተጋው ነው። ኪኒኑን እየዋጡ ጨው እንደልብ መብላት፣ እንግዳ በጓሮ እያስወጡ በፊት ለፊት ካርድ መበተን ነው።

ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ደግሞ በዚያው ሰርግ ላይ «በሉ እንግዲህ ይመሻል፣ እንነሣ» የሚሉት ሽማግሌ ነው። ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስወጣ ያግዛል። ድንች፣ ሙዝ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስርና አቮካዶ ውስጥ በደንብ አለ። ጨው መቀነስና አትክልትና ጥራጥሬ መጨመር አብረው የሚመከሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን አሞሌን እንውሰድ። አሞሌ ከዳሎል አካባቢ ተቆርጦ በግመል የሚወጣ፣ አንድ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለ ጨው ነው። እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ያው የገበታ ጨው። ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተውም ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ሮዙ የሂማሊያ ጨውም እንዲሁ፤ ቀለም የሰጡት ማዕድናት ቅንጣት ታክላሉ። ያው እንግዳ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ ቤተሰቡን ቤት ጥሎ አልመጣም። ተናጋሪው «ተፈጥሯዊ ነው» ይላል። የባሕር ውሃም ተፈጥሯዊ ነው፤ ማን ይጠጣዋል?

ከዚህ የባሰው የአዮዲን እጥረት ነው። አገራችን የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው እንቅርት ብዙ ሰው ስለጎዳ ነው። እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት አዮዲን ወደሌለው አሞሌ ሲዞር፣ በማኅፀን ያለው ልጅ የአእምሮ እድገት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጨው ቀንሱ፤ የምትበሉት ጥቂት ጨው ግን አዮዲን ያለው ይሁን። የነፍሰ ጡር ሴት የደም ግፊት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ይዛ ሳይሆን ሐኪሟ ጋ ሄዳ ትነጋገርበት።

«ጨው ቢቀነስ ለውጥ ያመጣል ወይ?» ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ። 412 ሰዎች ምግባቸው ተዘጋጅቶ ይሰጣቸው ነበር። ጨዉ በየ30 ቀኑ በሦስት ደረጃ ይቀያየራል። ጨው በቀነሰ ቁጥር ግፊት ወረደ። ቀድሞ ግፊት ያለባቸው ላይ ደግሞ የበለጠ ወረደ። ሰዎቹ ክብደት እንዳይቀይሩ ተደርጎ ነው ታዲያ። ጨውና ክብደት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያሳየናል።

ክብደት ላይ ያለው ስሕተት ይኸው ነው። «ጨው ስተው በሳምንት 2 ኪሎ ወረድኩ» ይሉኛል፤ ደስ ብሏቸው። ደስታቸውን ማጥፋት አልፈልግም፤ ግን የወረደው ውሃ ነው። ሆስፒታል የሚሰቀለውን፣ ብዙ ሰው በጅምላ «ግሉኮስ» የሚለውን ኖርማል ሳላይን አስቡት። 1 ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለ። ይህ መጠን የተመረጠው ከደማችን ልክ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። እንግዲህ 9 ግራም ትርፍ ጨው ሰውነት ውስጥ ከቀረ 1 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ማለት ነው። ሲወጣም እንደዚያው። አንድ ቀን ጨው የበዛበት ድግስ ከበላችሁ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ «ምንም አልሠራልኝም» ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ ነው ይህን የምነግራችሁ።

የቦርጩ ስብ ሌላ ሂሳብ ነው። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ 1 ኪሎ የእውነት ክብደት ሲቀነስ የላይኛው ግፊት በ1 ነጥብ ገደማ ይወርዳል። 5 ኪሎ የቀነሰ ሰው ትልቅ ነገር ሠርቷል። እኛ ቤት የክብደቱ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ዘይት ነው። በጾም ወቅት «ሥጋና ቅቤ ትቻለሁ፣ ግን ወፈርኩ» የሚለኝ ሰው አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። ቁሌት ላይ በጭልፋ ሲፈስ ቁጥሩን እናንተው አስሉት።

ስለ ጨው ምትክም ይጠይቁኛል። ከሶዲየሙ ከፊሉ በፖታሲየም የተተካበት ጨው ነው። ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች፣ 21,000 ገደማ ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሲሆን የስትሮክን አደጋ በ14 በመቶ ቀንሷል። በጣም የምወደው ውጤት ነው። ግን ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው፣ ወይም ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ከሚባሉት የግፊት ኪኒኖች አንዱን የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው። ፖታሲየም በደም ውስጥ ከተከማቸ የልብ ምትን ያዛባል። ሽማግሌውም ከበዛ ሰርጉን ይበትነዋል።

አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ደግሞ ቁርጭምጭሚታቸው ሲያብጥ «ጨው በልቼ ነው» ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ያ እብጠት የኪኒኑ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ንገሩ፣ ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። ተቅማጥ ሲይዛችሁም ኦአርኤስን፣ ያን በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ «ጨው አለበት» ብላችሁ አትተዉ። ያን ጊዜ የሚያስፈራው ድርቀት ነው።

ከእኚያ እናት ጋር የተስማማነው ይህን ነው። ለብቻቸው ድስት አይጣድም። ከቤተሰቡ ማዕድ የተለየ ሰው ሁለት ሳምንትም አይዘልቅም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የቤቱ ሁሉ ጨው ቀስ እያለ ይቀንሳል። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ኪዩቡ ይቀራል፤ በሱ ፋንታ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና መከለሻ በርከት ይላል። የሚቀጥለው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይዘጋጃል። በደንብ ደርቆ እርጥበት በሌለበት ከተቀመጠ አይበላሽም። ጨው የሚገባው ወጥ ሲሠራ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ በማንኪያ ተለክቶ። ቡናዋ ላይ ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ እሁድ እሁድ ብቻ ትሁን አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ።

የቤታችሁን ልክ ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። አምስት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ በቀን 25 ግራም፣ በወር 750 ግራም ነው ጣሪያው። አዲስ የጨው ከረጢት ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የ1 ኪሎው ከረጢት በወር ካለቀ፣ በርበሬውና ዳቦው ሳይቆጠር ከልኩ አልፋችኋል። ለእጥበትና ለመሳሰለው የወጣውን በግምት ቀንሱለት። ባዶውን ከረጢት ከነቀኑ ለቀጠሮ ስትመጡ ይዛችሁልኝ ኑ።