የመንፈስ ፍሬና የመንፈስ ስጦታ አንድ አይደሉም

በጥናት ቡድናችን ይህች ጥያቄ ደጋግማ ትነሳለች፦ «በልሳን አልናገርም፤ ፍሬ የለኝም ማለት ነው?» አይደለም። ልሳን፣ ማለትም በመንፈስ ተመርቶ ባልተማሩት ቋንቋ መናገር፣ ስጦታ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 12 እንደሚለው ስጦታን መንፈስ እንደ ፈቀደ ያካፍላል፤ አንዱ ያለው ሌላው ላይኖረው ይችላል።

ፍሬ ግን ጠባይ ነው። ገላትያ 5፥22-23 ዘጠኝ ይቆጥራል፦ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት (ገርነት)፣ ራስን መግዛት። ልብ በሉ፣ «ፍሬዎች» አይልም፤ «ፍሬ» ነው የሚለው። ስለዚህ «ትዕግሥት የኔ ድርሻ አይደለም» ብሎ ማምለጥ የለም። (እኔም ሞክሬዋለሁ።)

ድንቅ አድርጎ የሚሰብክ ሰው ታክሲ ውስጥ ለአምስት ብር መልስ ብሎ ረዳቱን ቢሰድብ፣ ስጦታው አለ፤ ፍሬው ገና ጥሬ ነው።

ልሳን ዛሬም አለ ወይ በሚለው አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። ፍሬው ግን ከእያንዳንዱ አማኝ ይጠበቃል።