ሀገር በቀል ምንድን ነው? የማንስ ሀገር?

«የድሬዳዋ ዛፍ» የድሬዳዋ አይደለም። የግንቦት ሙቀት ሲጠና አናቱ ላይ እሳት የተለኮሰበት የሚመስለው፣ ፍሬው ደርቆ ንፋስ በነካው ቁጥር የሚንሿሿው፣ ልጆች ሳለን ያንኑ ፍሬ ጎራዴ አድርገን የተማታንበት ዛፍ፣ የትውልድ ቦታው ማዳጋስካር ነው። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደስ አላለኝም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሳይቀር በከተማችን ስም የሚጠራውን ዛፍ መጤ ነው ሲሉህ ምን ትላለህ? በምሥራቁ ቆላ እውነተኛ ዘመድ አለው፤ የእጽዋት ሰዎች ዴሎኒክስ ኢላታ ይሉታል። አበባው ነጭ ሆኖ ይፈነዳና ውሎ ሲያድር ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስሙን ግን እንግዳው ወሰደው።

ክረምት በመጣ ቁጥር በጎ ፈቃደኞች ችግኝ ተሸክመን ስንወጣ ከአፋችን የማይጠፋ ቃል አለ፤ «ሀገር በቀል»። ባነር ላይ ይጻፋል፣ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ከችግኝ ጣቢያው የተገኘው ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ገልጦ ማየት ይበጃል።

ሀገር በቀል የሚባለው ሰው ሳያመጣው በአንድ አካባቢ የኖረ፣ ከዚያ አፈርና ዝናብ፣ ከዚያ ነፍሳትና እንስሳት ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት አብሮ የዘለቀ ተክል ወይም እንስሳ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው የፊተኛውን ግማሽ ነው፤ «ከውጭ ያልመጣ» ብሎ ያልፋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን በኋለኛው ግማሽ ነው፤ «አብሮ የዘለቀ» በሚለው። ዛፉን ማን ይበላዋል? ማን ያራባዋል? ዘሩንስ ማን ይበትነዋል? ሰው ያመጣው ደግሞ መጤ ነው። በዚህ ሚዛን ኒም ከህንድ፣ ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ፣ በየመንገዱ ተልጦ የሚሸጥልን በለስም ከሜክሲኮ የመጡ እንግዶች ናቸው።

ልዩነቱን በመጽሐፍ ሳይሆን በነጠላ ነው ያየሁት። ነፍሳት የሚያጠኑ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ከቅርንጫፍ ሥር ነጭ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ቅርንጫፉ በዱላ መታ መታ ይደረጋል፣ የወደቀው ይቆጠራል። ባለፈው ክረምት ሳቢያን ከሚኖር ጓደኛዬ ጋር ይህንኑ ልንሞክር ብለን ነጭ ጨርቅ አጣን፤ ከገመድ ላይ የእናቱን ነጠላ አወረድን። መጀመሪያ ደጃፋቸው ያለው ኒም ሥር ዘረጋነው። ሁለት ጉንዳንና ጥቂት ቢጫ ቅጠል ወረደ። ከዚያ ከተማችንን ሰንጥቆ ወደሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ወደ ደቻቱ አሸዋ ዳር ሄደን አንድ አሮጌ ግራር ሥር ዘረጋነው። ሦስት ጊዜ ስንመታው ነጠላው መንቀሳቀስ ጀመረ። ከቅጠሉ ቀለም የማይለይ አባጨጓሬ፣ መሬት እንደሚለካ ሰው ወገቡን እያጠፈና እየዘረጋ የሚሄድ ሌላ አባጨጓሬ፣ ጀርባው የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ፣ እግሩ ከአካሉ የረዘመ ሸረሪት፣ እሾህ መስሎ የተኛ ስሙን የማናውቀው ነፍሳት። እናቱ ከኋላችን ደርሰው ኖሯል። «አቦ! የክት ነጠላዬን ለትል ዘረጋችሁት?» ያሉት እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። (ታጥቧል።)

ኒሙ ለምን ባዶ ሆነ? ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ነፍሳትን ከመብላት ያግዳል፣ በልተው ቢገኙም ቆዳቸውን ቀይረው እንዳያድጉ ያደርጋል። ሃይንሪሽ ሽሙተረር የሚባል ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ አረንጓዴውን ሁሉ ሲያወድም ኒሙን ሳይነካ ማለፉን አይቶ ነው ነገሩን መከታተል የጀመረው። አንበጣ ምን እንደሆነ ድሬ ሲነግሩት አይጠፋውም። በ2012 ዓ.ም. ገና ሰሞን ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሊያርፍ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ መንጋው መስታወቱን ሸፍኖት ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ ሄዶ ነው ያረፈው። እንግዲህ ያን ጉድ የሚመልስ ዛፍ ለአባጨጓሬ ምን ሊሆንለት እንደሚችል መገመት ነው።

«ትል የሌለበት ዛፍ ምን ይነቀፋል?» የሚል ይኖራል። ለጥላ ከሆነ ምንም። ለወፍ ከሆነ ግን ባዶ መሶብ ነው። ጥሬ ለቃሚ የምንላቸው ወፎች እንኳ ጫጩት ሲፈለፍሉ አመላቸውን ይቀይራሉ፤ ግራር ላይ ጎጆዋን እንደ ቅል የምታንጠለጥለው ቢጫዋ ወፍ ራሷ እህል ትለቅማለች፣ ለልጆቿ ግን ትል ትሸከማለች። ጫጩት ደረቅ ጥሬ አይፈጭም፤ የሚያሳድገው ለስላሳና ሥጋ ያለው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የመኖሪያ ግቢዎች አንዲት ትንሽ የጫካ ወፍ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ያሳተሙ ተመራማሪዎች ነበሩ። በግቢው ካለው ዕፀዋት ሀገር በቀሉ ከ70 በመቶ በታች ሲወርድ፣ ወፏ የሚሞቱባትን የሚተኩ ልጆች ማሳደግ አቅቷት አገኟት። ቁጥሩ የዋሽንግተን ነው፤ እንዳለ አምጥቼ ድሬ ላይ አልለጥፈውም። አባጨጓሬ ከሌለ ጫጩት የለም የሚለው ግን ያለ ቪዛ የሚያልፍ ነገር ነው።

«ኧረ እኛ ጋ ወፍ ሞልቷል» ይባላል። እውነት ነው። ሐረር ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራው ጋ የቆመ ሰው ጭልፊቶቹን አይቷል፤ ሥጋ በእጅ ይዞ የሚሄድ ሰው እያየ ይነጠቃል። ቁራውም ርግቡም አለ። እነዚህ ግን ከሰው ትራፊ ጋር መኖር የለመዱ ናቸው፤ ዛፉ ባሕር ዛፍ ሆነ ግራር ግድ የላቸውም። የአካባቢው ጤና የሚታወቀው በሚመርጡት ነው፤ የተወሰነ ነፍሳት፣ የተወሰነ ፍሬ፣ የተወሰነ ጎሬ ካላገኙ ድምፃቸውን ሳያሰሙ የሚጠፉት።

ጎሬ ካልኩ አይቀር፣ ቆላችን ውስጥ ምንቃሩ ቀይና ቆልማማ የሆነ ወፍ አለ። ሴቷ ለመፈልፈል ስትዘጋጅ በአሮጌ ዛፍ ጎሬ ትገባና በሩን በጭቃና በኩስ ይመርጉታል፤ ምንቃር የምታስወጣ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ወንዱ ለሳምንታት በዚያች ስንጥቅ እያጎረሰ ይኖራል፤ እሷም ከውስጥ ላባዋን ቀይራ፣ ልጆቿ ጠንከር ሲሉላት ግድግዳውን ሰብራ ትወጣለች። የእኛ የአራስ ቤት ጥበቃ እንኳ እዚህ አይደርስም። ይህ ሁሉ ግን ጎሬ ያለው ዛፍ ይፈልጋል፤ ጎሬ ደግሞ ዘንድሮ የተተከለ ችግኝ ላይ አይገኝም። ግማሹ የደረቀ አሮጌ ግራር «ለማገዶ ካልሆነ ምን ይሠራል» ተብሎ ሲቆረጥ የተቆረጠው ቤት ነው። እሾሁም ያው ነው። ቁርቁራን እሾሃም ነው ብለን ከግቢ እናስወጣዋለን፤ ለትንሽ ወፍ ግን እሾሁ አጥር፣ ፍሬው ምሳ ነው። ተቀጽላም አለ፤ ዛፉን ይመጠምጠዋል ብለን የምንነቅለው። ቀይና ብርቱካናማ አበባውን ምንቃራቸው እንደ ወስፌ የቀጠነ ወፎች ይቀስሙታል፤ ተጣባቂ ዘሩንም ፍሬ በል ወፎች ከዛፍ ዛፍ ያሻግሩታል። አንድ ዛፍ ላይ ከበዛ ቀነስ ማድረግ አለ፤ ጨርሶ መንቀል ግን ገበታውን ማንሳት ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። «ሀገር» ስንል የማን ሀገር?

አንድ ዓመት ላይ ነው። ደግ ያሰቡ ሰዎች ከደጋ ችግኝ በመኪና አስጭነው አመጡልን፤ ጽድና ዝግባ። ሀገር በቀል ነው ተብሎ ተጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ዛፎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ድሬ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሸዋ፣ ድርቅና ንዳድ። መስከረም ላይ ተመልሰን ስናይ ከችግኞቹ የቀረው ሲያዝ የሚሰበር ቡናማ እንጨት ነበር። ከጎኑ ማንም ያልተከለው፣ ማንም ውሃ ያላጠጣው ግራር ከፍየል ተርፎ ጉልበት ደርሷል። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባል የለ? ዛፍም እንዳገሩ ይበቅላል፤ የዛፍ ሀገር ደግሞ ካርታ ላይ በተሰመረ ድንበር አይለካም። ከዚህ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅም፤ ሐረር ግን 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚያ ዋንዛና ወይራ ሀገራቸው ነው። በመካከል ባለው መንገድ ላይ ሀገር በቀሉ ተቀይሯል።

ይህን የሐረርጌ ገበሬ ከበጎ ፈቃደኛ በፊት ያውቀዋል። ማሽላ ማሳ መካከል ገርቢ የሚባለውን የግራር ዘመድ ሳይቆርጥ ያቆያል። ገርቢ ከሌላው ዛፍ ጋር ተገላቢጦሽ ነው፤ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለብሳል። ማሽላው ፀሐይ በሚፈልግበት ጊዜ አይጋርደውም፣ የረገፈውም አፈሩን ያደልባል። በጋ ላይ ሁሉ ሲደርቅ ከብቱም ወፉም የሚጠለሉት እሱ ጋ ነው። ገበሬው ለወፍ ብሎ አላቆየውም፤ ግሪሳ ያየ ሰው ለወፍ እንዲህ በቀላሉ አይራራም። ግን ያው ደረሰላት።

መጤ ሁሉ ጠላት ነው ማለትም አይደለም። ከመጤው መካከል ያለ ሰው ድጋፍ እየተዛመተ ሌላውን የሚያጠፋው ነው መጤ ወራሪ የሚባለው። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ የታወቀው ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ቀድሞ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ ድሬዳዋ ጎሮ የነበረው ችግኝ ጣቢያ እንደሆነ ይጠቀሳል። በረሃ ያለማል፣ አፈር ይይዛል ተብሎ ነው የመጣው። ፍየሉ፣ ከብቱና ግመሉ ጣፋጭ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ከፋንድያ ጋር በተኑት፤ አፋር ላይ ግጦሹን ውጦታል፤ አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ። ሌላው ቅንጨ አረም ነው፤ በሀገራችን መገኘቱ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ድሬዳዋና ሐረርጌ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የገጠሩ ሰው ያወጣለት ስም «ፈረምሲሳ» ነው፤ መሬትህን አስፈርሞ የሚያስለቅቅህ ማለት።

ኒም ይቆረጥ እያልኩ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። በሚያዝያ ቀትር ከዚራ ላይ የሄደ ሰው የጥላን ዋጋ ያውቃል፤ የቆመ ጥላ የሚቆርጥ እብድ ነው። የድሬዳዋ ዛፍም ይቁም፤ ስሙን አንቀማውም። የምለው፣ አዲስ ለምንተክለው ጉድጓድ ጥያቄያችን ይቀየር ነው። «ቶሎ ይደርሳል ወይ?» ከማለት «ማን ይበላዋል?» ማለት። አንዳንዴም መልሱ ምንም አለመትከል ነው፤ በደቻቱ ዳርና በየኮረብታው ሥር ራሱን ችሎ እየበቀለ ያለውን ግራርና ቁርቁራ ለጥቂት ዓመት ከንክኪ ነፃ ማድረግ። ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋን የመታበትን የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ላስታወሰ ሰው፣ ከላይ ያለው ኮረብታ ሥር የሰደደ ተክል መያዙ የወፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለሚተክል ግን ግራር ችግኝ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። የደረቀውን ፍሬ ከዛፉ ሥር ይለቅማል፤ አለዚያ ፍየል ካደረበት በረት ዘሩን ይሰበስባል። ጥንዚዛ የበሳውን፣ ቀዳዳ ያለበትን ይጥላል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ዓመትም ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ውሃ ይፈላና ከእሳት ይወርዳል፣ ዘሩ ይጨመርበታል፣ እዚያው እየቀዘቀዘ ያድራል። ጠዋት ያበጠው ተለይቶ ይዘራል፤ ያላበጠውን እንደገና ሙቅ ውሃ ይጠብቀዋል። እኛ ቤት አሁን ምድጃ ላይ አለ፤ ጓደኛዬም ለእናቱ አዲስ ነጠላ ገዝቷል፣ አሮጌው ለእኛ ተመድቧል።