ፕሮፌሽናል ዲኤስኤልአር ካሜራ፦ አመጣጡ፣ አመራረጡና አያያዙ

ስለ ዲኤስኤልአር (ዲጂታል ሲንግል ሌንስ ሪፍሌክስ) ካሜራ የሚወራው ብዙ ነው፤ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በመጠኑም ቢሆን ይሞላል ብዬ ያሰባሰብኩት ነው። ያገላበጥኩት በአብዛኛው የካሜራዎቹን መመሪያ መጽሐፎችና የአምራቾቹን መግለጫ ስለሆነ የኒኮንና የካኖን ነገር ይበዛል፤ ሌሎቹን ንቄ አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስታወቱ

ዲኤስኤልአርን ከሌላው ካሜራ የሚለየው ከሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ ከሚያደርገው ክፍል) ፊት ያለው መስታወት ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን 45 ዲግሪ አጋድሎ የተቀመጠው መስታወት ላይ ያርፍና ወደ ላይ ይነጥራል። እላይ የፎከስ ስክሪኑ ላይ ምስል ይሠራል፤ ፔንታፕሪዝም የሚባለው ብርጭቆ ደግሞ ምስሉን አቃንቶ ለዓይን ያደርሰዋል። በቪውፋይንደሩ፣ ማለትም ዓይን በሚጠጋበት መስኮት፣ የሚታየው እንግዲህ ቪዲዮ አይደለም፤ ራሱ ብርሃኑ ነው። ካሜራው ጠፍቶ እንኳ ይታያል። ይህን የለመደ ዓይን በቀላሉ ሌላ ነገር አይወድም።

ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ቪውፋይንደሩ ለቅጽበት ይጨልማል፣ የሻተሩ (ብርሃኑን ወደ ሴንሰሩ የሚያስገባውና የሚዘጋው በር) የመጀመሪያ መጋረጃ ይከፈታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል፣ መስታወቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያቺ ደስ የምትለው የ"ቸክ" ድምፅ የዚህ ሁሉ ድምር ናት። ፈጣኖቹ ካሜራዎች ይህን በአንድ ሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይደጋግሙታል፣ ለዓመታት፣ ሳይሰለቹ።

የመስታወቱ መሃል ትንሽ ብርሃን ያሳልፋል። ከጀርባው ያለች ሌላ ትንሽ መስታወት ያንን ብርሃን ወደ ታች፣ ወደ ፎከስ ሴንሰሩ ትልከዋለች። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ካሜራው ርቀት የሚለካው ፎቶውን በሚያነሳው ሴንሰር ሳይሆን በሌላ ስለሆነ፣ ሁለቱ በትንሹ እንኳ ካልተጣጣሙ ዓይን ላይ ያረፈ የመሰለው ፎከስ ጆሮ ላይ ተገኝቶ ቁጭ ይላል። ደህና በሚባሉት ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለየብቻ የሚሠራ የፎከስ ማስተካከያ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

አመጣጡ

በሌንሱ በራሱ እያዩ የማንሳት ሐሳብ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ቶማስ ሰተን በ1861 ፓተንት አውጥቶበታል። የ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚጠቀም የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ካሜራ የትኛው ነው በሚለው ላይ ስምምነት የለም። አብዛኛው ሰው በ1936 ድሬስደን ላይ የተሠራውን ኪነ ኤክሳክታ ይጠራል፤ የሶቪየቱ "ስፖርት" ይቀድማል የሚሉም አሉ። ክርክሩ ያለቀ አይመስለኝም። በ1954 የጃፓኑ አሳሂፍሌክስ ሁለት ቢ ፎቶው እንደተነሳ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስ መስታወት ይዞ መጣ። በ1959 ኒኮን ኤፍ ወጣ። ኒኮን ኤፍ ይዞት የመጣው የሌንስ ማያያዣ በ2020 በወጣው ዲ6 ላይም አለ፤ ከ60 ዓመት በላይ አንድ ማያያዣ ይዞ መቆየት እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስለ ፊልሙ ዘመን ይኼው ይበቃል።

የዲጂታሉ ታሪክ የሚጀምረው ኮዳክ ቤት ነው። በ1975 የድርጅቱ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን 10,000 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ብቻ ያለው የሙከራ ካሜራ ሠራ። አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ግን በ1991 የመጣው ኮዳክ ዲሲኤስ ነው። ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) የኒኮን ኤፍ3 ነው፤ ኮዳክ 1.3 ሜጋፒክስል (ሚሊዮን ፒክስል) ሴንሰር ከጀርባው ገጠመበት። ፎቶው የሚቀመጠው ካሜራው ውስጥ አይደለም፤ ፎቶ አንሺው በኬብል አያይዞ ትከሻው ላይ በሚሸከመው ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ 200 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክና ጥቁርና ነጭ ስክሪን ነበረው፤ ሳይታመቅ 156 ፎቶ ይይዛል። እንደ ቀልድ የሚሰማ ቁጥር ነው። ለጋዜጣ ፎቶ አንሺ ግን ፊልም ሳያጥብ ፎቶ በስልክ መስመር መላክ ማለት ሌላ ዓለም ነበር። በ1994 የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ከኮዳክ ጋር ኤንሲ2000 የተባለውን ለዜና ሥራ የታሰበ ካሜራ ያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ 1999 መጣ፣ ኒኮን ዲ1ም መጣ። ከእነኮዳክ የተለየው፣ የፊልም ካሜራ ላይ ሴንሰር የተለጠፈበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ዲጂታል ሆኖ በአንድ ፋብሪካ የተነደፈ መሆኑ ነው። 2.7 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 4.5 ፎቶ። ዛሬ ስልክ ሁሉ ይበልጠዋል፤ የጋዜጣ ፎቶ አንሺው ከፊልም የተላቀቀው ግን በእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ካኖን ዝም አላለም። በ2001 በሰከንድ 8 የሚያነሳውን 1ዲ አወጣ፤ በ2002 ደግሞ 11.1 ሜጋፒክስሉን 1ዲኤስ፣ ሴንሰሩ እንደ ፊልሙ 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ። ፉል ፍሬም የምንለው ይኼው ነው። በ2005 የመጣው 5ዲ ያንኑ ፉል ፍሬም በትንሽ ቦዲ አቀረበው፤ ሠርግና ስቱዲዮ የሚሠራው ሰው ያኔ ጎረፈ።

በ2007 ኒኮን ዲ3ን አወጣ፣ የራሱን የመጀመሪያ ፉል ፍሬም። 12.1 ሜጋፒክስል ብቻ ነበር፤ ግን ብርሃን ሲያንስ ከፍ በሚደረገው የአይኤስኦ ቁጥር 6400 ላይ ሕትመት የሚችል ፎቶ ይሰጣል። ከዚያ በፊት በጨለማ አዳራሽ ፍላሽ ያልተፈቀደለት ሰው ዕድሉን ይራገም ነበር። በ2008 ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆነ። ወዲያው የተከተለው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ግን ፉል ኤችዲ ቪዲዮ በፉል ፍሬም ሴንሰር ስለሰጠ የፊልም ሰሪዎችን ልብ የወሰደው እሱ ነው። በ2012 ዲ800 በ36.3፣ በ2017 ዲ850 በ45.7 ሜጋፒክስል መጡ። ዲ850ን እስከ ዛሬ ከተሠሩት ዲኤስኤልአሮች አንደኛ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ልክ ናቸው።

አመራረጡ

ቦዲ ከመምረጥ በፊት ሌንስ ይምረጡ። ቦዲ ያረጃል፣ ይለወጣል፤ ጥሩ ሌንስ ሦስትና አራት ቦዲ ያሳልፋል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ አሮጌ ቦዲ በደህና ሌንስ ይሻላል። የብዙ ባለሙያ ቦርሳ ሲከፈት የሚገኙት ሁለት ዙም ሌንሶች ናቸው፦ ከ24 እስከ 70 እና ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር፣ ሁለቱም ኤፍ 2.8 (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፣ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ለመጀመር ግን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 በትንሽ ገንዘብ ብዙ ይሠራል።

ቦዲን ፕሮፌሽናል የሚያሰኘው የፎቶው ጥራት ብቻ አይደለም። በመሃል ደረጃ ካሜራና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት በጥሩ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ዝናብ ሲመጣ፣ ካሜራው ከግድግዳ ሲጋጭ፣ ሙሽራዋ ቀለበት እያጠለቀች አንዱ ሚሞሪ ካርድ ሲሞት ነው። ስለዚህ ሁለት ካርድ የሚይዝ፣ ውሃና አቧራ እንዳይገባው መጋጠሚያው ላይ ጎማ ያለው፣ ቪውፋይንደሩ የሚነሳውን ፎቶ መቶ በመቶ የሚያሳይ ይፈልጉ። ሻተሩም ይታያል፦ አምራቾቹ እንደሚሉት የ5ዲ ማርክ 4 ሻተር ለ150,000፣ የዲ850 ለ200,000፣ የዲ6 ለ400,000፣ የካኖን 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 ደግሞ ለ500,000 ፎቶ የተፈተነ ነው። ፈተና ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ቀድሞ የሚሞትም፣ እጥፉን የሚሠራም አለ።

ሜጋፒክስል ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 51 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል። ለስፖርትና ለዜና የተሠሩት ውዶቹ ዲ6 እና 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 ከ21 ሜጋፒክስል አይበልጡም፤ ፋይሉ ቶሎ መጻፍና ቶሎ መላክ አለበታ። ለማስታወቂያ ሥራና ለመልክዓ ምድር ከሆነ ግን 45 ያስፈልጋል።

ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር)? በጨለማ ፉል ፍሬም ያሸንፋል፣ አለቀ። የዱር እንስሳና ወፍ ለሚያነሳ ግን ክሮፕ ጥቅም አለው። ኒኮን ላይ 1.5፣ ካኖን ላይ 1.6 ጊዜ ስለሚያቀርብ የ200 ሚሊሜትር ሌንስ የ300 ወይም የ320ን ያህል ጠበብ አድርጎ ያሳያል። የ2016ቱ ኒኮን ዲ500 ለዚህ ሥራ አንደኛ ነው። ኒኮን ወይስ ካኖን ለሚለው ደግሞ የእኔ ምርጫ እስካሁን ሳይታወቅ አልቀረም፤ ለገዢ የሚጠቅመው ግን አብረውት የሚሠሩት ሰዎች የያዙትን መያዝ ነው። ሌንስ መዋዋስ ይቻላላ።

ሁለተኛ እጅ ሲገዙ መጀመሪያ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቁ። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ ካኖን ግን በአብዛኛው አይጽፍም፣ በኬብል የሚያነብ ሶፍትዌር ይፈልጋል። ሌንሱን ከድነው ሻተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍተው ፎቶ ያንሱና የሚያበሩ ነጠብጣቦችን ይፈልጉ። የሌንሱን አፐርቸር ቅጠሎች ዘይት እንዳልነካቸው ይዩ። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ ይሞክሩ፤ ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ካርድ የሚወስድ ከሆነ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች አለመጣመማቸውን በባትሪ መብራት ይመልከቱ።

አጠቃቀሙ

ሳጥኑ እንደተከፈተ የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ከቪውፋይንደሩ አጠገብ ያለችውን፣ ለዓይን የምታስተካክለውን ትንሽ መዘውር ማዞር ነው። ውስጥ የሚታዩት ቁጥሮች ጥርት እስኪሉ። ይህን ሳያደርጉ "ሌንሱ ብዥ ይላል" ብለው ሌንስ የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

ፋይሉ ራው፣ ማለትም ሴንሰሩ የቀዳው ካሜራው ሳያቀናብረው፣ ይሁን። ራው በ14 ቢት 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል፣ ካሜራው አቀናብሮ የሚያሳንሰው ጄፔግ 256 ብቻ። የጠቆረ ፎቶ ከራው ውስጥ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ግን በምንም አይመለስ። ስለ ሞድ የሚነሳው ጭቅጭቅ አይገባኝም፤ ብርሃኑ የሚቀያየር ከሆነ አፐርቸሩን ራስዎ መርጠው ሻተሩን ለካሜራው ይተዉ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ማንዋል ያድርጉ። ካሜራው በእጅ ሲያዝ የሻተሩ ፍጥነት ቢያንስ ከሌንሱ ቁጥር ጋር ይመጣጠን፣ ለ200 ሚሊሜትር 1/200 ሰከንድ። ሜጋፒክስሉ ሲበዛ ትንሿ መንቀጥቀጥ ሁሉ ስለምትታይ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

ፍላሽ ሲኖር ለሻተሩ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ የሚባል ድንበር አለ፣ በአንዳንዶቹ 1/200። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛው መጋረጃ መዝጋት የሚጀምረው የመጀመሪያው ጨርሶ ከተከፈተ በኋላ ነው። ከዚያ በላይ ሲፈጥን ግን ሁለቱ ይከታተሉና ሴንሰሩ ብርሃን የሚያገኘው በመሃላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ነው። ፍላሹ ያኔ ከበራ የፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ሆኖ ሻተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ፎቶ ሲነሳ ቪውፋይንደሩን ይክደኑት። ዓይን ካልሸፈነው ከኋላ የሚገባው ብርሃን መለኪያውን ያታልለዋል፣ ፎቶውም ይጠቁራል። ከ1/30 እስከ 1 ሰከንድ ባለው ፍጥነት ደግሞ የመስታወቱ መነሳት ራሱ ካሜራውን ስለሚያንቀጠቅጥ መስታወቱን አስቀድሞ የሚያነሳውን ሞድ ይጠቀሙ።

አቧራ

ሌንስ በተቀየረ ቁጥር አቧራ ይገባል። ለመመርመር አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱና ስክሪኑ ላይ አሳድገው ይዩት። ክብ ክብ ግራጫ ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ነው። በቪውፋይንደር ብቻ የሚታይ ጉድፍ ግን ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ፎከስ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ይተዉት። መስታወቱን በጨርቅ መወልወል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። እንደ ቤት መስታወት ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊት ስለተቀባ በቀላሉ ይጫራል።

ሴንሰሩን ለማጽዳት ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ ካለቀ መስታወቱና ሻተሩ እጅ ላይ ይወርዳሉ። ካሜራውን ወደ ታች ደፍተው በጎማ መንፊያ ይንፉ። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል፤ የታሸገ የአየር ቆርቆሮም ፈሳሽ ይተፋል። ርጥበት በሚበዛበት ቦታ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ስለሚበቅል ርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለው የታሸገ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አሁን ያለበት

ዲ6 እና 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 በ2020 ወጡ። ከዚያ ወዲህ ኒኮንም ካኖንም አዲስ ፕሮፌሽናል ዲኤስኤልአር አላወጡም፤ ሁለቱም ሚረርለስ ወደሚባሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች ዞረዋል። ፔንታክስ ብቻውን ቀርቶ በ2021 ኬ-3 ማርክ 3ን፣ በ2023 የዚያኑ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ ዓይነት አውጥቷል። የድሮ ሌንሶች በአዳፕተር (መሃል በሚገባ ማያያዣ) መስታወት አልባዎቹ ላይ ይገባሉ። ካኖን ከ1987 ጀምሮ የፎከስ ሞተሩን ሌንሱ ውስጥ ስላስቀመጠ የኢኤፍ ሌንሶቹ ፎከሳቸው እንዳለ ይሠራል። የኒኮን ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ግን በቦዲው ሞተር የሚዞሩ ስለሆኑ በፋብሪካው አዳፕተር ሲገቡ በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚደረገው፤ እነሱን የያዘ ሰው ዲኤስኤልአሩን ባይሸጠው ይሻለዋል።