የፈተና «ተገቢነት» ምንድን ነው? ተፈታኙ ታራሚ ሲሆንስ?

«ሰው ይከታተለኛል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ከቤቱ መጥቶ «እውነት» ያለ ሰው የሥነ ልቦና ባለሙያውን ጆሮ ያስቆማል። ታራሚውስ ምን ይበል? ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ እያየው ነው። «እንቅልፍ የለኝም» ቢልም መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ስለማይጠፋ ሊሆን ይችላል። መልሱ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ።

ተገቢነት፣ ባለሙያዎቹ ቫሊዲቲ የሚሉት፣ ይህንኑ ይመለከታል። ፈተናው እለካለሁ ያለውን በእርግጥ ይለካል ወይ? ከውጤቱ ተነስተን የምንደርስበት ድምዳሜስ ያስኬዳል ወይ? «ተገቢነቱ የተረጋገጠ ፈተና» የሚለው አባባል እኔን አይጥመኝም። ለማን ነው የተረጋገጠው? ለምን ጉዳይ?

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶችና እስር ቤቶች በሰፊው የሚሠራበትን የሚኒሶታ የስብዕናና የአእምሮ ጤና መጠይቅ፣ ኤምኤምፒአይን፣ እንውሰድ። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ በ1989 ተሻሽሎ ሲወጣ 567 ጥያቄዎች ነበሩት። የማነጻጸሪያ ልኬቱ የተሠራው በ2,600 ሰዎች መልስ ሲሆን፣ እነሱም ከውጭው ኅብረተሰብ የተመረጡ ናቸው።

ደግሞ ታራሚ የሚዋሽበት ምክንያት አያጣም። አመክሮ የሚጠብቀው ጨዋ መስሎ መታየት ይፈልጋል፤ «ድርጊቱን ስፈጽም ታምሜ ነበር» ብሎ የሚከራከረው ደግሞ ሕመሙ ጎልቶ እንዲታይለት። ለዚህ ነው መጠይቁ ውስጥ ማጣሪያ የተቀበረው። ኤል የሚባለው 15 ጥያቄዎች አሉት፤ ማንም ሰው የማያጣቸውን ጥቃቅን ድክመቶች ሁሉ «እኔ ዘንድ የሉም» የሚለውን ይይዛል። ኤፍ ደግሞ አብዛኛው ሰው የማይላቸውን እንግዳ መልሶች ይቆጥራል።

ችግሩ ኤፍ በብዙ ምክንያት ከፍ ማለቱ ነው። የሚያስመስለው ሰው ከፍ ያደርገዋል፤ ማንበብ የሚቸግረውና በግምት የሚያከብበውም እንዲሁ፤ በእውነት በጠና የታመመውም እንዲሁ። እስር ቤት ውስጥ ሦስቱም አሉ። የታመመውን «አስመሳይ» ብሎ መመለስ ሕክምና መንፈግ ነውና ቀላል ስሕተት አይደለም። ፖል አርቢሲና ዮሴፍ ቤን ፖራት በ1995 ሌላ ማጣሪያ የሠሩት ለዚህ ነበር፦ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን ሳይቀሩ እምብዛም የማይመልሱትን መልስ ብቻ ለቅመው።

ካናዳዊው ሮበርት ሄር በበኩሉ የታራሚውን ቃል ብቻ ማመን ትቶ፣ ቃለ መጠይቅን ከመዝገብ ጋር የሚያመሳክር፣ 20 መመዘኛዎች ያሉት የሳይኮፓቲ (ርኅራኄና ጸጸት የማጣት ጠባይ) መለኪያ አዘጋጀ። ውሸቱን መዝገቡ ያጋልጣል። ነጥብ ሰጪው ግን ሰው ነው። ዳንኤል መሪና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ሙከራ ወደ 100 ለሚጠጉ ባለሙያዎች ተመሳሳይ መዝገቦች ሰጧቸው፤ ገሚሱን የቀጠራችሁ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ገሚሱን ተከላካይ ጠበቃ ነው አሏቸው። ለዐቃቤ ሕግ እንሠራለን ብለው ያሰቡት፣ ለዚያው ሰው፣ በዚሁ መለኪያ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ።